የአራስ ቤት ደመወዝ፦ ገንዘቡ በአንድ በር፣ ሥራው በሌላ በር
በአሜሪካ ልጅ የወለዱ ሠራተኞች ምን ያህል ይከፈላቸዋል? ማን ይከፍላቸዋል? የሚቀርባቸውስ ለምንድን ነው?

"ልጅ በዕድሉ ያድጋል" ይባላል። በአሜሪካ ልጁ በዕድሉ ቢያድግም የእናቱ ደመወዝ ግን የሚመጣው በቅጽ ነው። ቅጹን በጊዜው ሞልታ ያስገባች አራስ በሺሕ የሚቆጠር ዶላር ታገኛለች። ጎረቤቷ በዚያው መሥሪያ ቤት፣ በዚያው ደመወዝ ስትሠራ ቆይታ ቀኑ ካለፈባት ምንም ሳታገኝ ልትቀር ትችላለች። ሁለቱም ግን ዓመቱን ሙሉ ከደመወዛቸው ተመሳሳይ መዋጮ ሲቆረጥባቸው ከርሟል።

ነገሩ ከዕርዳታና ከምጽዋት ጋር የሚገናኝ አይደለም። አስቀድሞ የተከፈለበት ኢንሹራንስ ነው። ስለሆነም እንደማንኛውም የኢንሹራንስ ገበያ ዋጋ አለው፣ ጣሪያ አለው፣ የጊዜ ገደብ አለው። ውሉን ያላነበበ ደንበኛ የሚጎዳበት መሆኑም እንደሌላው ኢንሹራንስ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አገሩ አንድ፣ ገበያው ብዙ

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለግል ድርጅት ሠራተኞች ከክፍያ ጋር የሚሰጥ የወሊድ ፈቃድ አለመደንገጉ ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በየካቲት 1993 የፈረሙት የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ለሠራተኛው የ12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱ ግን ክፍያ የለውም። በዚያ ላይ አሠሪው 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት መሆን አለበት። ሠራተኛውም ቢያንስ 12 ወር የቆየና ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ 1,250 ሰዓት የሠራ እንዲሆን ይጠየቃል። በአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ወይም በአንድ ነዳጅ ማደያ ለሚሠራ ሰው ይህ ሕግ ከነመኖሩም አይቆጠርም።

ክፍያውን የሚያገኘው እንግዲህ ስቴቱ የራሱን ኢንሹራንስ ያቋቋመለት ሠራተኛ ብቻ ነው። የነገሩ አመጣጥ ረጅም ነው። ሮድ አይላንድ በ1942 ለታመመ ሠራተኛ ጊዜያዊ የገቢ ማካካሻ የሚሰጥ ኢንሹራንስ ስታቋቁም በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሆነች። ካሊፎርኒያ በ1946፣ ኒው ጀርሲ በ1948፣ ኒው ዮርክ በ1949 ተከተሏት። በዚያን ጊዜ ለሥራ አጥ የሚከፈለው ኢንሹራንስ መሥራት ለሚችል ሰው ብቻ ስለነበር፣ ታሞ የተኛው ሠራተኛ ከደመወዙም ከሥራ አጥ ክፍያውም ውጪ ሆኖ ይቀር ነበር። አዲሱ ኢንሹራንስ የመጣው ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው።

እርግዝና በዚህ ኢንሹራንስ ውስጥ የገባው ግን ያለ ክርክር አልነበረም። በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካሊፎርኒያው ኢንሹራንስ ጤናማ እርግዝናን ከክፍያ ማስቀረቱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ሲል ወሰነ። በ1978 ደግሞ የአገሪቱ ምክር ቤት አሠሪዎች እርጉዝ ሠራተኛን ለሥራ አቅም በሚያሳጣ ሌላ ሕመም ከሚታመም ሠራተኛ ለይተው እንዳይመለከቱ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ዛሬ የወለደች እናት የምትከፈልበት ክፍል "የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ" የሚል ስም ይዞ የቀረው ከዚህ ታሪክ የተነሳ ነው።

ከወሊዱ ማገገሚያ ሌላ፣ አባትም እናትም ከሕፃኑ ጋር እንዲቆዩ የሚከፍለውን የቤተሰብ ፈቃድ ኢንሹራንስ በመጀመር ካሊፎርኒያ ቀዳሚ ናት። ሕጉ በ2002 ወጥቶ ክፍያው በሐምሌ 2004 ተጀመረ። ኒው ጀርሲ በ2009፣ ሮድ አይላንድ በ2014፣ ኒው ዮርክ በ2018፣ ዋሽንግተን ስቴትና ዋሽንግተን ዲሲ በ2020፣ ማሳቹሴትስ በ2021፣ ኮኔቲከት በ2022፣ ኦሪገን በ2023፣ ኮሎራዶ በ2024 መክፈል ጀምረዋል። ሚኒሶታና ዴላዌር የጀመሩት በጥር 2026 ነው። ሜሪላንድ ሕጉን በ2022 ብታወጣም ቀጠሮውን ደጋግማ አራዝማለች። በ2025 በወጣው ማሻሻያ መሠረት መዋጮው በጥር 2027፣ ክፍያው በጥር 2028 እንዲጀመር ተቆርጧል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በዳላስና በአትላንታ ግን ቴክሳስም ሆነች ጆርጂያ ለግል ድርጅት ሠራተኞች እንዲህ ያለ የግዴታ ኢንሹራንስ የላቸውም። እዚያ ያለ ሠራተኛ የሚጠብቀው የአሠሪውን ቸርነት፣ ራሱ የገዛውን የግል ኢንሹራንስ ወይም ያጠራቀመውን የዓመት ፈቃድ ነው።

ማን ይከፍላል?

በዚህ ገበያ ሦስት ዓይነት የአከፋፈል ሥርዓት ይታያል።

የመጀመሪያው ሠራተኛው ብቻ የሚያዋጣበት ነው። የዚህ ምሳሌ ካሊፎርኒያ ናት። በ2025 የመዋጮው ልክ ከጠቅላላ ደመወዝ 1.2 በመቶ ነበር። ከ2024 ወዲህ መዋጮው የሚቆምበት የደመወዝ ጣሪያ ስለተነሣ ባለ ትልቅ ደመወዙም ከሙሉ ገቢው ያዋጣል። በደመወዝ ወረቀት ላይ "ሲኤ ኤስዲአይ" ተብሎ የሚቆረጠው ይኸው ነው።

ሁለተኛው አሠሪው ብቻ የሚከፍልበት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አሠሪዎች ከሚከፍሉት ደመወዝ 0.75 በመቶ ለከተማው ገቢ ያደርጋሉ። ከሠራተኛው አምስት ሳንቲም አይቆረጥም።

ሦስተኛው በጋራ የሚከፈልበት ነው። በዋሽንግተን ስቴት በ2025 ጠቅላላ መዋጮው 0.92 በመቶ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 71.52 በመቶውን ሠራተኛው፣ 28.48 በመቶውን አሠሪው ይሸፍኑ ነበር። ከ50 በታች ሠራተኛ ያለው አሠሪ የራሱን ድርሻ እንዲከፍል አይገደድም። ኮሎራዶም እኩል ለእኩል ታካፍላለች። ከ10 በታች ሠራተኛ ያላቸውን ግን ከአሠሪው ድርሻ ነፃ ታደርጋለች።

ለነጋዴው የሚጠቅመው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ከሦስቱ በየትኛውም ሥርዓት ሠራተኛዋ በምትወልድበት ወቅት የእረፍቱን ደመወዝ አሠሪው ከኪሱ አይከፍልም፤ ከፋዩ ፈንዱ ነው። ስለዚህ አምስት ሠራተኛ ያለው ባለ ሱቅ የመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ቢቀጥር "ወልዳ ታከስረኛለች" የሚልበት የገንዘብ ምክንያት እምብዛም አይኖረውም።

የካሊፎርኒያው ሂሳብ

ሂሳቡን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንዲት በሎስ አንጀለስ የምትኖር የነርስ ረዳት በሳምንት 1,000 ዶላር፣ በዓመት 52,000 ዶላር ታገኛለች እንበል። በ2025 ልክ በዓመት 624 ዶላር መዋጮ ይቆረጥባታል።

በ2025 በሥራ ላይ በዋለው ቀመር ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሠራተኞች የደመወዛቸውን 90 በመቶ፣ ከፍ ያለ ገቢ ያላቸው 70 በመቶ ግድም ያገኛሉ። የሳምንቱ ጣሪያ 1,681 ዶላር ነበር። የነርስ ረዳቷ ከ90 በመቶዎቹ ወገን ስለምትሆን በሳምንት 900 ዶላር ገደማ ይደርሳታል።

ችግር በሌለው እርግዝና ሐኪሙ በተለምዶ ከመውለጃው ቀን በፊት እስከ 4 ሳምንት፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 6 ሳምንት መሥራት እንደማትችል ያረጋግጣል። በቀዶ ሕክምና ከወለደች የኋለኛው 8 ሳምንት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት የመጠበቂያ ጊዜ ስለሆኑ አይከፈልባቸውም። ስለዚህ ከወሊድ በፊት 3 ሳምንት ሲሰላ 2,700 ዶላር፣ ከወሊድ በኋላ 6 ሳምንት ሲሰላ 5,400 ዶላር ይመጣል። ይህ ሲያልቅ የቤተሰብ ፈቃዱ ይቀጥላል። እሱም ከሐምሌ 2020 ወዲህ 8 ሳምንት ሆኗል፤ የመጠበቂያ ጊዜም የለውም። 8 ሳምንት በ900 ሲባዛ 7,200 ዶላር ነው።

ድምሩ 15,300 ዶላር ሆነ። ሴትየዋ 18 ሳምንት ቤቷ ተቀምጣ የ17ቱን ተከፈለች ማለት ነው። በቀዶ ሕክምና ወልዳ ከሆነ 1,800 ዶላር ይጨመርበታል። የሕፃኑ አባትም መዋጮው ሲቆረጥበት የኖረ ሠራተኛ ከሆነ የራሱ 8 ሳምንት አለው። ከእናቲቱ ጋር በአንድ ጊዜ ሊወስደው፣ እሷ ሥራ ስትገባ ሊተካት ወይም ከፋፍሎ ሊጠቀምበት ይችላል። ልጁ ከተወለደ 12 ወር ከሞላው በኋላ ግን መብቱ ይወድቃል።

"ስንኩል አይደለሁም"

እንዲህ ያለው ገንዘብ ሳይነካ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ስሙ ነው። "ዲስአቢሊቲ" የሚለው ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ "አካል ጉዳት" ይሆናል። ጤናማ ልጅ በሰላም የተገላገለች እናት ደግሞ "ጉዳተኛ ነኝ" ብላ መፈረም ይከብዳታል፤ ሟርትም ይመስላታል። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። በሕጉ አነጋገር ቃሉ የዘወትር ሥራዋን ለጊዜው መሥራት አለመቻሏን ብቻ ነው የሚያመለክተው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ነገሩ ያበቃል፤ በመዝገቧ ላይም የአካል ጉዳተኛ አያሰኛትም።

ሁለተኛው ውዥንብር ከፌዴራሉ ሶሻል ሴኩሪቲ ጋር መምታታቱ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ የአካል ጉዳት ክፍያ ቢያንስ 12 ወር የሚዘልቅ ወይም ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ላለበት ነው። አራስ እዚያ ቢሮ ሄዳ ብትጠይቅ የምታገኘው መልስ "አይመለከትሽም" ነው። በዚህ ተስፋ ቆርጣ የምትመለሰው ትክክለኛውን ቢሮ ሳታንኳኳ ነው። በካሊፎርኒያ ጉዳዩ የሚታየው ኢዲዲ በሚባለው የስቴቱ የሥራና የቅጥር መሥሪያ ቤት ነው።

ሦስተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ፍርሃት ነው። የካሊፎርኒያው መሥሪያ ቤት ዜግነትና የኢሚግሬሽን ሁኔታ ለዚህ ክፍያ ብቁነትን እንደማይወስኑ በግልጽ አስታውቋል። መመዘኛው ሠርቶ ማዋጣት ነው።

የቸኮለች፣ የዘገየች

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የሚለው ተረት በዚህ ቢሮ በር ላይ ቢለጠፍ ያምራል። በኢዲዲ የ2025 መመሪያ መሠረት የወሊዱ ማመልከቻ የሚገባው እናቲቱ ሥራ ካቆመችበት ቀን አንሥቶ ከ9 ቀን በፊት ሳይሆን፣ ከ49 ቀንም ሳያልፍ ነው። የቤተሰብ ፈቃዱ ማመልከቻ ደግሞ ፈቃዱ ከጀመረበት ቀን በፊት አይገባም፤ ከ41 ቀንም ማለፍ የለበትም። በቂ ምክንያት ሳይኖራት የዘገየች አመልካች ክፍያዋ ሊቀነስባት ወይም ሊቀርባት ይችላል።

49 ቀን ረጅም ይመስላል። ለአራስ ግን አይደለም። ከመውለዷ 4 ሳምንት በፊት ሥራ ያቆመች እናት ከ49ኙ ቀናት 28ቱ ሳትወልድ ያልቁባታል። የቀሩት 21 ቀናት ገንፎ የሚገነፋበት፣ እንግዳ የሚመላለስበት፣ ሌሊቱ ከቀኑ የማይለይበት ወቅት ነው። በዚህ ላይ ማመልከቻው የሚሟላው ሐኪሙ ወይም ፈቃድ ያላት አዋላጅ የራሳቸውን ክፍል ሞልተው ሲልኩ ነው። እናቲቱ የራሷን ብትልክም የሐኪሙ ወረቀት ካልደረሰ ገንዘቡ አይንቀሳቀስም። ስለሆነም የማመልከቻ ደረሰኝ ቁጥሩን ለሐኪሙ ቢሮ ማድረስና መላኩን በስልክ ማረጋገጥ የአመልካቿ ሥራ ነው።

ከወሊዱ ክፍያ ወደ ቤተሰብ ፈቃዱ መሸጋገሪያውም በራሱ አይሠራም። የወሊዱ ክፍያ ሲያልቅ መሥሪያ ቤቱ ለእናቲቱ የመሸጋገሪያ ቅጽ ይልክላታል። ሞልታ ካልመለሰች 8ቱ ሳምንት አይጀመርም። ለአባትየው ግን የሚላክለት ነገር የለም። የልጁን መወለድ የሚያሳይ ማስረጃ አያይዞ ራሱ ማመልከት አለበት።

ሌላው የማይታይ ቀጠሮ ደመወዙ የሚሰላበት ጊዜ ነው። ካሊፎርኒያ የምታየው የመጨረሻዎቹን ወራት ደመወዝ ሳይሆን፣ ከማመልከቻው በፊት ካለው ጊዜ ከ5 እስከ 18 ወር ወደኋላ የሚሄደውን አንድ ዓመት ነው። በሐምሌ፣ በነሐሴ ወይም በመስከረም ለሚጀምር ማመልከቻ የሚታየው እስከ መጋቢት 31 ያለው አንድ ዓመት ይሆናል። በዚያ ዓመት ውስጥ መዋጮ የተቆረጠበት ቢያንስ 300 ዶላር ደመወዝ ካለ በሩ ይከፈታል። የክፍያውን መጠን የሚወስነው ደግሞ ከፍተኛ ገቢ የተገኘበት ሩብ ዓመት ነው።

ይህ በተለይ በዲቪ ለመጡ አዲስ ገቢዎች ትልቅ ነገር ነው። በጥር ሥራ ጀምራ በነሐሴ ማመልከቻ የምታስገባ እናት ከጥር እስከ መጋቢት ያገኘችው ደመወዝ ስለሚቆጠርላት ትከፈላለች። በግንቦት የጀመረችው ግን ሦስት ወር ሙሉ መዋጮ ቢቆረጥባትም በነሐሴ የሚታይ ደመወዝ የላትም። ሁለቱ በአንድ አውሮፕላን የመጡ ቢሆኑ እንኳ ዕጣቸው ይለያያል።

ሁለቱ በሮች

አብዛኛውን ሰው የሚያሳስተውና ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ገንዘቡንና ሥራውን እንደ አንድ ነገር መቁጠር ነው። የስቴቱ ኢንሹራንስ ገንዘብ ይሰጣል እንጂ ወንበር አይጠብቅም። በካሊፎርኒያ ከኢዲዲ ቼክ እየደረሳት "ሥራሽን ለሌላ ሰጥተናል" የተባለች እናት ለኢዲዲ ብታመለክት መፍትሔ አታገኝም። ሥራዋን የሚጠብቁላት ሌሎች ሕጎች ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት መሥራት ላልቻለች ሠራተኛ እስከ አራት ወር ድረስ ሥራዋን የሚያስጠብቀው የስቴቱ ሕግ ነው። 5 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ ሁሉ ይገዛበታል። ሠራተኛዋ ምን ያህል ጊዜ እንደሠራችም አይጠይቅም። ሁለተኛው ከሕፃኑ ጋር ለመቆየት የ12 ሳምንት ጥበቃ የሚሰጠው የካሊፎርኒያ የቤተሰብ መብቶች ሕግ ነው። እሱም ከጥር 2021 ጀምሮ 5 ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ጭምር ያጠቃልላል። ሆኖም ሠራተኛው 12 ወርና 1,250 ሰዓት እንዲኖረው ይጠይቃል። በሁለቱም ፈቃዶች ወቅት አሠሪው የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ ይቀጥላል።

እንዲህ ከሆነ ሁለት ማመልከቻ ያስፈልጋል ማለት ነው፦ አንዱ ለገንዘቡ ወደ ስቴቱ፣ ሌላው ለሥራው ወደ አሠሪው። ለአሠሪው የሚሰጠው በጽሑፍ ሆኖ፣ የሚወጣበትንና የሚመለስበትን ቀን ይዞ፣ ቅጂው እቤት ቢቀመጥ ይመረጣል። በቃል "ልወልድ ነው" ብሎ መሄድ ከባለቤቱ ጋር በፍቅር ለሚሠራ ሰው እንኳ አይበቃም። ባለቤት ሊለወጥ፣ ሥራ አስኪያጅም ሊሄድ ይችላል።

ቀደም ሲል አሠሪዎች የቤተሰብ ፈቃዱ ክፍያ ከመጀመሩ በፊት ሠራተኛው እስከ ሁለት ሳምንት የዓመት ፈቃዱን እንዲጨርስ ማስገደድ ይችሉ ነበር። ይህ ከጥር 2025 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ቀርቷል።

ቀረጥን በተመለከተ የወሊዱ ማገገሚያ ክፍያ በአብዛኛው ቀረጥ አይጠየቅበትም። የቤተሰብ ፈቃዱ ክፍያ ግን ለካሊፎርኒያ ባይሆንም ለፌዴራል ቀረጥ ይቆጠራል። ጥቂት ዶላር ሳያስቀምጥ ሁሉንም የጨረሰ ቤተሰብ በሚቀጥለው ዓመት በቀረጥ ወቅት ይደነግጣል።

የሚታየው የሥራ ቦታ እንጂ የመኝታ ቦታ አይደለም

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ያለው ኢትዮጵያዊ ሌላ ጥያቄ አለበት። በሲልቨር ስፕሪንግ አድሮ በዲሲ ይሠራል፤ በዲሲ አድሮ በአሌክሳንድርያ ይሠራል። ሕጉ የሚያየው ሥራው የሚሠራበትን ቦታ ነው። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ እየኖረ በዲሲ በሚገኝ ሆቴል የሚሠራ አባት የዲሲን የ12 ሳምንት የወላጅነት ፈቃድ ክፍያ ያገኛል። እናት ብትሆን ለእርግዝና ክትትል 2 ሳምንት ይጨመርላታል። በዲሲ እየኖረ ሥራው ቨርጂኒያ የሆነው ግን ከዲሲ ፈንድ የሚጠብቀው የለም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከዲሲው ፈንድ ውጪ ናቸው፤ ለእነሱ ከጥቅምት 2020 ወዲህ የ12 ሳምንት የወላጅነት ፈቃድ ከሙሉ ክፍያ ጋር የሚሰጥ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ዲሲ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአስተርጓሚ እንዲያገለግሉ ስለሚያዝና አማርኛም ከዋነኞቹ ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ፣ በአማርኛ መጠየቅ መብት ነው።

ኒው ዮርክ ደግሞ የራሷ ጉድ አለባት። የወሊድ ማገገሚያው ክፍያ የደመወዙ 50 በመቶ ሆኖ ጣሪያው በሳምንት 170 ዶላር ነው። ይህ ጣሪያ ከ1989 ጀምሮ እስከ 2025 አልተነቃነቀም። ከሠራተኛው የሚቆረጠውም በሳምንት ቢበዛ 60 ሳንቲም ነው፤ እንደ ዋጋው ዕቃው። የቤተሰብ ፈቃዱ ግን በ2025 የደመወዙ 67 በመቶ፣ ጣሪያውም በሳምንት 1,177.32 ዶላር ነበር። በሳምንት 1,000 ዶላር የምታገኝ እናት በማገገሚያው 170፣ በቤተሰብ ፈቃዱ 670 ዶላር ታገኛለች። ሁለቱን በአንድ ሳምንት መውሰድ አይቻልም። ስለዚህ ረጅም ጊዜ መቆየት የምትችል እናት መጀመሪያ ማገገሚያውን፣ ቀጥሎ 12ቱን ሳምንት ትወስዳለች። ኪራይ የሚያስጨንቃት ግን በቀጥታ ወደ ቤተሰብ ፈቃዱ መግባት ትችላለች። ምርጫው የኪስ ምርጫ ነው።

ሾፌሩና በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከበሩ ውጪ የሚቀሩ አሉ። ታክሲ የሚነዳው፣ በስልክ ጥሪ ሰው የሚያመላልሰው፣ ራሱን ችሎ የሚሠራው በአብዛኛው ቅጥር ሠራተኛ ተብሎ ስለማይቆጠር መዋጮ አይቆረጥበትም፤ ክፍያም የለውም። ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ለራሳቸው ለሚሠሩ በፈቃደኝነት የመግባት ዕድል ከፍተዋል። ይህ ግን ልጁ ከመታሰቡ በፊት የሚወሰን እንጂ ሆድ ከገፋ በኋላ የሚሮጡበት አይደለም። ዋሽንግተን ስቴት በ2023 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ኡበርና ሊፍትን የመሳሰሉ ድርጅቶች ወደ ኢንሹራንሱ ለመግባት ለመረጡ ሾፌሮች መዋጮውን እንዲከፍሉ የሚያደርግ ሙከራ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ተጀምሯል። የሲያትል ሾፌር ሳይመዘገብ ግን ይህን አያገኝም።

ሌላው በእጅ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ነው። ቀረጥ ሳይቆረጥ የሚሰጥ ደመወዝ ለጊዜው ሙሉ መስሎ ይታያል። ወሊድ ሲመጣ ግን በመዝገብ ላይ የሌለች ሠራተኛ ለኢንሹራንሱ አልሠራችም። በዓመት 624 ዶላር ያተረፈች መስሏት 15,300 ዶላር ማጣቷ ነው።

ወደ አገር ቤት ሲመለከቱት

የካሊፎርኒያዋ እናት 4፣ 6 እና 8 ሳምንት ሲደመር 126 ቀን ቤቷ ትቆያለች። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ቁጥር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት፣ በድምሩ 120 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። በቀን ቁጥር ሁለቱ የተቀራረቡ ናቸው። በደመወዝ ልክ ደግሞ የኢትዮጵያው ይበልጣል። አባትን በተመለከተ ግን አዋጁ የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ሲሆን የካሊፎርኒያው 56 ቀን ነው።

ዋናው ልዩነት ከፋዩ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የ120 ቀኑን ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪው ብቻ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይሰበስባል፤ ነገር ግን ለወሊድ አይከፍልም። ሦስት ሠራተኛ ያለው የልብስ ስፌት ቤት አንዷ ስትወልድ የእሷንም የተተኪዋንም ደመወዝ በአንድ ጊዜ ይከፍላል። በወረቀት ላይ የተሰጠው ሙሉ ደመወዝ በቅጥር በር ላይ "ያገባሽ ነሽ ወይ?" የሚል ጥያቄ ሆኖ ሊመለስ የሚችለው በዚህ የተነሳ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2000 ያጸደቀው ቁጥር 183 የእናትነት ጥበቃ ስምምነት ክፍያው በግዴታ ማኅበራዊ ዋስትና ወይም በመንግሥት ገንዘብ እንዲሸፈን፣ ሸክሙም በአንድ አሠሪ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ የሚጠይቀው ይህንኑ አይቶ ነው። አንድ በመቶ ገደማ መዋጮ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከካሊፎርኒያ ማየት ይቻላል።

በአሜሪካ ላለው ወላጅ ግን የሚጠቅመው የነገው ሕግ ሳይሆን የዛሬው ቅጽ ነው። ሰባተኛው ወር ሳይገባ የደመወዝ ወረቀቱን አውጥቶ መዋጮው መቆረጡን ማየት፣ ሥራው በየትኛው ስቴት እንደተመዘገበ ማረጋገጥ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኛ ብዛት ማወቅ፣ ለአሠሪው በጽሑፍ ማሳወቅና የሐኪሙን ቢሮ ማነጋገር ያስፈልጋል። ሥራ ያቆሙበትን ቀን በግድግዳ ካላንደር ላይ አክብቦ 9ኛውንና 49ኛውን ቀን መቁጠርም እንዲሁ። የአገራችን እናቶች ለክርስትና 40 እና 80 ቀን መቁጠር ለምደዋል፤ በዚያው ካላንደር ላይ ሁለት ቀን መጨመር ነው።